ድግሱ ጎተራውን እንዳይበላ
ቤት ባፈራው እህል እንግዳን በአነስተኛ ወጪ ማስተናገድ

በምዕራብ ጎጃም ዞን ወንበርማ ወረዳ ጥር የጥጋብ ወር ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ገብቷል፤ ዳጉሳውና ጤፉ ተወቅቷል፤ በርበሬውም ደርቆ በጆንያ ታስሯል። በወረዳው ዋና ከተማ በሽንዲ ገበያው በእህል ይሞላል። ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ ዝክሩና ተዝካሩ የሚበዛውም በዚሁ ወር ነው። ከገና ጾም ፍቺ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አንድ አባወራ ጠሪም ተጠሪም ሆኖ ይከርማል።

እንግዳ መቀበል በጎጃም ገጠር የክብርም የመረዳጃም ጉዳይ ነው። ዛሬ ያበላ ነገ ይበላል፤ በደቦ ያረሰለትን፣ በሐዘኑ የደረሰለትን ጎረቤት በማዕድ ያመሰግናል። ስለዚህ “ድግስ ይቅር” የሚል ምክር ሰሚ አያገኝም፤ ተገቢም አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ጥር ላይ ለሰላሳ ወይም ለሦስት መቶ ሰው የተዘረጋው ማዕድ የሚዘጋጀው ቤቱ ካፈራው እህልና አትክልት ነው ወይስ ለግንቦት ዘር መግዣ ከተያዘው ገንዘብ?

ይህ ጽሑፍ ቤት ባፈራው እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት እንግዳን ጠግቦና ተከብሮ እንዲሄድ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል በሂሳብና በአሠራር ያሳያል።

የሚበላው የዘር ገንዘብ ነው

ድሮ “ዘሩን በላው” ሲባል ለዘር የተቀመጠው እህል ተፈጭቶ ተበላ ማለት ነበር። ዛሬ በበቆሎ አምራቹ ወንበርማና ቡሬ ነገሩ መልኩን ቀይሯል። አርሶ አደሩ በስፋት የሚዘራው እንደ ሊሙ እና ቢኤች 661 ያሉ ድቅል የበቆሎ ዝርያዎችን ነው። ድቅል ዘር ከራስ ምርት ተመርጦ ሲዘራ ምርታማነቱ ስለሚቀንስ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ግራም ያህል ምርጥ ዘር ይገዛል፤ ማዳበሪያው ደግሞ በላዩ ይጨመራል።

እንግዲህ የዛሬው አርሶ አደር ዘር የሚያስቀምጠው በገንዘብ ወይም እስከ ሚያዝያ ሳይሸጥ በሚቆይ በቆሎ ነው። ይህ ደግሞ ለድግስ በቀላሉ ይጋለጣል። በጆንያ የተቀመጠ ዘር ቢሆን ኖሮ ማንም ደፍሮ አይነካውም ነበር፤ በጎተራ ያለ በቆሎ ግን የዘር ገንዘብ መሆኑ አይታይም።

የጊዜው አለመገጣጠምም ጉዳቱን ያብሰዋል። ድግሱ የሚበዛው ምርት ገበያውን በሚያጥለቀልቅበትና የእህል ዋጋ ዝቅ በሚልበት ወቅት ነው። ለሠርግ ጤፍ፣ ዘይትና ከብት ለመግዛት በጥር ብዙ ኩንታል በቆሎ በርካሽ ይሸጣል። ያው ቤተሰብ በሐምሌና በነሐሴ ቀለብ ሲያልቅበት ያንኑ በቆሎ በውድ መልሶ ይገዛል። ጥንድ በሬ ካለው ገበሬ አንዱ በሬ ለድግስ ከታረደ ደግሞ በሚያርስበት ጊዜ መቀናጆ ፍለጋ ይዞራል፤ ማሳው ከወቅቱ ዘግይቶ ይታረሳል። “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ የድግስ ዕቅድ በመጀመሪያ መለየት ያለበት የማይነካውን ነው፦ የዓመት ቀለብ፣ የዘርና የማዳበሪያ ገንዘብ፣ የሚያርሱ በሬዎች። እነዚህ ተለይተው ከተቀመጡ በኋላ የቀረው የድግሱ አቅም ነው።

ለሰላሳ ሰው ስንት ይበቃል?

ብዙ ቤት ድግስ የሚሰፈረው በግምት ነው። እንዳያንስ በሚል ስጋት ይበዛል፤ የተረፈው እንጀራ ይሻግታል፤ ወጡ ይሆመጥጣል። ግምቱን በቁጥር መተካት ግን አይከብድም። ለምሳሌ ሰላሳ ሰው የሚገኝበትን የጾም ቀን ማኅበር እንውሰድ።

ለአንድ አዋቂ ሰው ሁለት እንጀራ ብንይዝ ስልሳ ይሆናል። ሳይጠራ ለሚመጣና ለቤተሰቡ አሥር ብንጨምር ሰባ እንጀራ ያስፈልጋል። እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ቢለያይም፣ ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት እንጀራ ይወጣል ብለን ብናሰላ አሥራ አራት ኪሎ ዱቄት ይበቃል። እያንዳንዷ ባለቤት የራሷን ምጣድ አንድ ጊዜ በአንድ ኪሎ ዱቄት ብትሞክረው ለሁልጊዜ የሚያገለግል ልክ ታገኛለች።

ለወጡ ደግሞ አንድ ተኩል ኪሎ ሽሮ፣ ሰባት ኪሎ ድንች፣ ስድስት ኪሎ ጎመን፣ ሦስት ኪሎ ሽንኩርትና አንድ ሊትር ተኩል ያህል ዘይት ቢያዝ ሰላሳ ሰው በሦስት ዓይነት ወጥ ጠግቦ ይነሳል። ከእነዚህ መካከል በአብዛኛው ከሱቅ የሚገዛው ዘይቱና ጨው ብቻ ነው። ሌላው ከጎተራና ከጓሮ የሚገኝ ነው።

ሂሳቡን ወደ ሠርግ እናምጣው። ሦስት መቶ ሰው ለተጠራበት ሠርግ በዚሁ ልክ ሰባት መቶ እንጀራ፣ ማለትም 140 ኪሎ ዱቄት ያስፈልጋል። በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው ለወር የሚታሰበው እህል 15 ኪሎ ነው። የአንድ ቀን ሠርግ እንጀራ ብቻውን፣ ጠላው ሳይቆጠር፣ የአንድ ሰው የዘጠኝ ወር ቀለብ ነው ማለት ነው። ከተጠሪው ዝርዝር ላይ መቶ ሰው መቀነስ ወደ 47 ኪሎ እህል ያተርፋል። ስለዚህ ከማንኛውም የምግብ አሠራር ዘዴ በፊት ትልቁ ቁጠባ ያለው የጥሪው ዝርዝር ላይ ነው።

እንጀራውን በመደባለቅ

በድግስ ቀን “ነጭ ጤፍ ካልሆነ” የሚለው ልማድ ወጪውን የሚያንረው የመጀመሪያው ነገር ነው። ጤፍ ውድ በመሆኑ ለአርሶ አደሩ የሚሻለው መሸጡ ነው። ከላይ ለተጠቀሰው አሥራ አራት ኪሎ አምስት ኪሎ ጤፍ፣ ስድስት ኪሎ በቆሎና ሦስት ኪሎ ዳጉሳ ቢደባለቅ ዘጠኝ ኪሎ ጤፍ ለገበያ ይተርፋል።

የበቆሎ እንጀራ የሚነቀፈው ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጣጠቅ ነው። ይህን ማስተካከል ይቻላል። በቆሎው ተሸክሽኮ ገለባው ከወጣለት በኋላ በደንብ ልሞ ይፈጭ። ሊጡ በደንብ ከቦካ በኋላ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣል፤ በቆሎ ለበዛበት ሊጥ አብሲቱ ከወትሮው ጠንከር ቢል እንጀራው ይለሰልሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተደባለቀ እንጀራ በድግሱ ዋዜማ ማታ ወይም በዕለቱ ሌሊት ቢጋገር ይመረጣል። ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ መጋገር ለጤፍ ይሠራ ይሆናል፤ ለበቆሎ ግን አይሆንም።

ዳጉሳ ከጤፍ ቢረክስም በምግብ ይዘቱ የሚናቅ አይደለም። ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም ይዘቱ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ካልሲየም ለአጥንትና ለጥርስ ጥንካሬ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዳጉሳ የገባበት እንጀራ ማቅረብ እንግዳን ማሳነስ አይደለም።

ሽሮና በቆሎ ለምን ይስማማሉ?

ርካሽ ምግብ ሲባል ብዙ ሰው ገንቢ ያልሆነ ምግብ አድርጎ ያስባል። በቆሎና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ ግን ነገሩ ይለያል። በቆሎ ሰውነት ፕሮቲን ለመገንባት ከሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች መካከል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ የበቆሎ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የተሟላ ምግብ ይሆናል። ኬንያውያን በቆሎና ባቄላ አብረው ቀቅለው “ጊዘሪ” ብለው ብዙ ሰው የሚመግቡበት፣ የሜክሲኮ ሰዎችም የበቆሎ ቂጣቸውን በባቄላ የሚበሉት በዚሁ መንገድ ነው። በእኛም ዘንድ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።

በአካባቢው አኩሪ አተር የሚያመርት አርሶ አደር ከሽሮው እህል አንድ አምስተኛ ያህሉን በአኩሪ አተር ቢተካ የፕሮቲኑን መጠን ከፍ ያደርጋል። አኩሪ አተር ግን ጥሬውን አይፈጭም፤ በደንብ ካልተቀቀለ ወይም ካልተቆላ ሆድ ይከብዳል፤ የጥሬ ሽታውም ወጡን ያበላሻል።

ድንች ለብዙ ሰው የሚበረክት ወጥ ነው። እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉ ምርታማ ዝርያዎች ያሉት ቤት በሽንኩርት፣ በእርድና በቃሪያ አልጫ ቢሠራ አነስተኛ ዘይት ይበቃዋል። ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማ ነገር ስላለው ለምግብ አይሁን፤ የሚበላው ድንች በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ጎመን ደግሞ ከጓሮ ተቀንጥሶ በነጭ ሽንኩርት ሲሠራ ለማዕዱ ቀለምም ጣዕምም ይሰጣል። “ጎመን በጤና” ያሉት አበው ይህን ያውቃሉ።

ለቡና ቁርስና ለጠላ ማጣጣሚያ ግብጦን የሚያህል የለም። በጎጃም ለዘመናት ሲዘራ የኖረው ይህ ሰብል በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ምሬቱ እንዲወጣ ግን ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውኃው እየተቀያየረ መዘፍዘፍ ወይም በወራጅ ውኃ መቆየት አለበት። ምሬቱ ያልለቀቀው ግብጦ ለእንግዳ አይቀርብም።

የፍስክ ቀን ሲሆን

በፍስክ ቀን ሥጋ ሳይቀርብ መቅረቱ ለብዙ ባለቤት ይከብደዋል። ባህሉ ራሱ ግን ሥጋን በልኩ የማካፈል ጥበብ አለው። አንድ ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ይገነጠላል። ለሰላሳ እንግዳ ሦስት ዶሮ ሠላሳ ስድስት ብልት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ አንድ እንቁላል ሲጨመር ሰላሳ እንቁላል ነው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ያላነሰ ሽንኩርት ከተቁላላ ወጡ ይበረክታል። ዶሮውም እንቁላሉም ከቤት ከተገኘ ወጪው ቅቤና ቅመም ብቻ ነው።

አንድ በግ ክብደቱ 25 ኪሎ ቢሆን ከቆዳው፣ ከሆድ ዕቃውና ከጭንቅላቱ ውጪ ከአጥንቱ ጋር አሥር ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። ሥጋው በድንች ወይም በጎመን ከተሠራ ለሰላሳ ሰው ግማሹ ይበቃል። የማኅበር ቀናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ በግ ለሁለት ቢካፈሉ አንዱ ቤት አንድ ሙሉ በግ ከማረድ ይድናል። ትልቅ ሠርግ ከሆነም የሚያርስ በሬ ከማረድ ከሌሎች ጋር ቅርጫ ገብቶ የሚያስፈልገውን መደብ ብቻ መውሰድ ይሻላል።

ጠላው የሚጠጣው እህል

በብዙ ድግስ ሳይቆጠር የሚቀረው መጠጡ ነው። ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ብቅሉና ጌሾው ከመጋገሪያው እህል ጋር አብሮ አይሰላም። ስለዚህ ጠላ የሚጠምቅ ቤት የገባውን እህል በሚዛን ወይም በቁና ልክ ጽፎ ቢይዝ ድግሱ ምን ያህል እህል እንደጠጣ ያያል። ይህን ያየ ቤት ለቀጣዩ ዓመት የሚቀንሰውን ራሱ ይወስናል።

አረቄን መተው፣ ጠላውን ለአንድ ዙር ወስኖ ቅራሪውን ለቀሪው ማቅረብ፣ ንብ ያለው ቤት ደግሞ ብርዝ መበጥበጥ እህል ያተርፋል። ብርዝ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአሽከርካሪዎችም ይስማማል።

ማገዶውና የሴቶች ጉልበት

ድግስ ርካሽ ነው ውድ ነው ሲባል የሴቶች ድካምና ማገዶ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። ሰባት መቶ እንጀራ በሦስት ጉልቻ ሲጋገር የሚፈጀውን እንጨትና ለጋጋሪዋ የሚተርፋትን ጭስ ማሰብ ነው። “ምርት” በሚል ስም የሚታወቀው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያሳንሳል።

ባህላችን ለዚህም መፍትሔ አለው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው ለሐዘን ቤት ጎረቤት እንጀራ ጋግሮ፣ ወጥ ሠርቶ ይዞ ይመጣል። ይኸው ደንብ ለማኅበርና ለሠርግም ቢውል አሥር ቤቶች ሰባት ሰባት እንጀራ ጋግረው የሰላሳውን ሰው ማዕድ ይሞላሉ። ተራው ሲደርስ ብድሩ ይመለሳል። ወንዶችም እንጨት መፍለጥና ውኃ መቅዳትን ብቻ ሳይሆን ድንች መላጥና ሽንኩርት መክተፍን ቢጋሩ ድግሱ የአንድ ወገን ሸክም አይሆንም።

ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ወጪ መቀነስ ማለት የተበላሸ እህል ለእንግዳ ማቅረብ አይደለም። የሻገተ በቆሎ “ለጠላ ይሁን” ተብሎ መዋሉ አደገኛ ልማድ ነው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። በመድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። ለነቀዝ ማጥፊያ የሚውለው ፎስቶክሲን ክኒን ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ ገዳይ ስለሆነ ሰው በሚያድርበት ቤት ከተቀመጠ እህል ጋር ፈጽሞ መደረግ የለበትም። አየር የማያስገባ ከረጢት ተጠቅሞ በቆሎን ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ማዳን ይቻላል።

ጓያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ርካሽ በመሆኑ ሽሮ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው። ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ያለማቋረጥ ሲበላ ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል። ስለዚህ በክረምት የቀለብ እጥረት ጊዜ በጓያ ላይ ብቻ መንጠልጠል አይገባም። ድግሱ ባቄላውንና አተሩን ጨርሶ ለክረምት ጓያ ብቻ ካስቀረ፣ በጥር የተበላው ነሐሴ ላይ በጤና ይከፈላል።

ለብዙ ሰው የተሠራ ወጥ ትኩስ ሆኖ ይቅረብ፤ ያደረው ሳይፈላ አይቅረብ። የጉድጓድም ሆነ የወንዝ ውኃ ለመጠጥና ለብርዝ ከመዋሉ በፊት ይፈላ ወይም በውኃ ማከሚያ ይታከም። ጥሬ ሥጋ ለኮሶ ትል ስለሚያጋልጥ ማብሰሉ ይመረጣል።

ማን ምን ያድርግ?

በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሠርግን ያለ ሰፊ ድግስ በመፈጸም ይታወቃል። የወንበርማ፣ የቡሬ ወይም የጃቢ ጠህናን አርሶ አደር ያንን እንዳለ ይውሰድ ማለት አይደለም፤ ሃይማኖቱም ልማዱም የራሱ ነው። ትምህርቱ ግን አለ፦ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ድግሱን ቢቀንስ “ቆጠበ” ሳይሆን “ሰሰተ” ይባላል፤ ማኅበረሰቡ በአንድነት ሲወስን ግን ማንም አይሰስትም። በጎረቤት ፊት እንዳያንስ ብሎ የሚደግሰው ሰው ከዚህ ፉክክር የሚወጣው ጎረቤቱ አብሮት ሲወጣ ነው።

ስለዚህ እድሮችና ማኅበሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው የተጠሪ ቁጥር፣ የወጥ ዓይነትና የመጠጥ ልክ ቢወስኑ ጥሩ ነው። የሃይማኖት አባቶች በዝክርና በተዝካር ለችግረኛ መስጠት ከውድድር ድግስ እንደሚበልጥ ቢያስተምሩ ቃላቸው ይሰማል። የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልጋቸውም። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ፤ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ። ከጥር በፊት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የድብልቅ እንጀራና የአኩሪ አተር ሽሮ ሠርቶ ማሳያ አንድ ጊዜ በየማዕከሉ ቢካሄድ ከወሬ ይበልጣል። በዚያው ቀን እያንዳንዱ አባወራ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ የዓመት ቀለቡን፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪውን ከምርቱ ላይ እንዲለይ ቢታገዝ፣ በሚያዝያ የግብዓት ገንዘብ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል። ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ብድርና ቁጠባ ተቋማትም አርሶ አደሩ በጥር የሸጠውን የዘር ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ቢያመቻቹ ገንዘቡ ከድግስ ይጠበቃል።

“ከፍትፍቱ ፊቱ” ይባላል። እንግዳ የሚያስታውሰው የባለቤቱን ፊት፣ የቤቱን ንጽሕናና የተቀመጠበትን ክብር ነው። በድብልቅ እንጀራ፣ በሽሮ፣ በድንችና በጎመን የተስተናገደ እንግዳ ጠግቦ መርቆ ይሄዳል። ባለቤቱም ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር የዘሩን ከረጢት ተሸክሞ ከማሳው ይወርዳል።